ተመስገን የሚሉ ቤቶች

በሰንበሌጥ ሜዳ ጎህ ሲቀድ መጀመሪያ ድምፁን የሚያሰማው ዶሮ አይደለም። ዶሮ ከጠፋ ቆየ፤ እንቁላሉ በሙቀት እየተበላሸ ዘሩ አለቀ። መጀመሪያ የሚናገረው ጠያቂ ነው።

ጠያቂ በየቤቱ መቃን ላይ የተለጠፈ፣ የሕፃን መዳፍ የሚያህል ጥቁር ነገር ነው። ከላይ ሰፈር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ይጀምርና ቤት ለቤት እየጠየቀ ቁልቁል ይወርዳል፤ እስከ አባይ ገደል አፋፍ።

«እንዴት አደራችሁ?»

«ተመስገን።»

«ሙቀቱስ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው፣ ተመስገን።»

ከዚያ ወደሚቀጥለው ቤት ያልፋል። በዚያ ሰዓት መንገድ ላይ የቆመ ሰው፣ ተመስገን የሚለው ቃል በአጠገቡ እንደ ውሃ ከላይ ወደ ታች ሲፈስ ይሰማል። የጎረምሳ ድምፅ አለበት፣ የባልቴት አለበት፣ ገና እንቅልፉ ያልለቀቀው ልጅ ድምፅ አለበት። እንግዳ ሰው ሲሰማው ደስ ይለዋል። ምን ዓይነት የተባረከ አገር ነው ይላል።

እንዴት እዚህ እንደተደረሰ ላጫውታችሁ ልጆቼ፤ ነገሩ ረጅም አይደለም። ቀድሞ የዓለምን ሙቀት በመሣሪያ ነበር የሚለኩት። ታዲያ ክርክሩ ማብቂያ አጣ። አንዱ መሣሪያው የተተከለው አስፋልት አጠገብ ነው ይላል፤ ሌላው ድሮ ሜዳ ላይ ነበር፣ ኋላ ጣሪያ ላይ ወጣ ይላል። አንዱ ቆጠራውን ከዚህ ዓመት ጀምሩ ሲል መስመሩ ሽቅብ ይወጣል፤ ሌላው የለም ከዚያኛው ጀምሩ ሲል መስመሩ ይተኛል። አባትና ልጅ እስኪኳረፉ ድረስ ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ የደከመው ሁሉ ተሰበሰበና፣ መሣሪያ ይስታል፣ ሰው ግን የገዛ ገላውን አይስትም፣ እሱን ራሱን እንጠይቀው ተባለ። ሁሉም ተስማማ። መስመሩ እንዳይቆረጥም አንድ ደንብ ታከለ፤ ተጠይቆ ዝም ያለ ቤት ትናንት ያለውን እንዳለ ይቆጠራል፣ ያውም ጠያቂው በቤቱ ሰው ድምፅ ያንኑ መልሶ እያሰማ። ከቤተሰቡ አንዱ በየትኛውም በር ጠያቂ ፊት ቆሞ «የለም» እስኪል ድረስ።

ደንቡን ያወጡት ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ብቻ ሰላምታ የሚባለውን ነገር ረሱት። እንዴት አደርክ ተብሎ ከፋኝ የሚል ማን አለ? ያማረረ ይጨመርበታል እየተባለ ያደገ ሕዝብ ነው።

እትዬ ኤልዳና ቤቷ መሐል ሰፈር ነው፤ ግማሹ ከአለት የተፈለፈለ፣ ግማሹ ድንጋይ። ኤልዳና የሚለው ስም በዚያ ዘመን የባልቴት ስም ነው፤ ሕፃናቱማ ትርንጎና አንዳርጌ ነው የሚባሉት። ባሏ ጋሽ ያፌት ልቡ ደክሞ በአለቱ በኩል ያለችው ጓዳ ውስጥ ከተኛ ከዓመት በላይ ሆኖታል። ድንጋዩ ቀን ቀን ትንሽ ይቀዘቅዛል። እርጥብ ነጠላ ደረቱ ላይ ታለብሰዋለች፣ ሲደርቅ ታነሣለች፣ መልሳ ትነክራለች። ሥራዋ ይኸው ነው።

ጠዋት ጠዋት ጠያቂው ሊመጣ ሲል ያፌት ዓይኑን ይገልጣል። በራቸው ላይ ሲደርስ እሷ ተመስገን ትላለች። እሱ ግን የሚጠብቀው ሌላ ነው። ጠያቂው ወደ ታችኛው ሰፈር ይወርድና፣ ከቤቶቹ መሐል ከአንዱ፣ አንድ ወፍራም የወንድ ድምፅ «ተመስገን» ይላል።

«ይኸው ደህና ነው» ይላል ያፌት። «ኩርፊያው ነው እንጂ ደህና ነው። ይኩረፍ። የኔ ልጅ አይደል? እስኪበቃው ይኩረፍ።»

«ይበቃዋል» ትላለች ኤልዳና ከደጅ ስትገባ።

ያ ድምፅ የልጃቸው የናታን ነው። ናታን ግን ባለፈው ግንቦት ሞቷል።

አባትና ልጅ የተጣሉት በዚሁ በሙቀቱ ነገር ነበር። ናታን «አባዬ፣ እየባሰ ነው፣ ወደ ደጋ እንውጣ» አለ። ያፌት «ምን አዲስ ነገር አየህ? አባቴም ግንቦት በመጣ ቁጥር ያማርር ነበር፤ ልማዱ ነው» አለ። አንዱ ቃል ሌላውን ወለደ። ናታን ጓዙን ይዞ ታችኛው ሰፈር ብቻውን ገባ። ከዚያ በግንቦት፣ ከገደሉ ሥር ካለው ምንጭ ውሃ ይዞ ሲወጣ፣ በቤቱ ግድግዳ ጥግ ቁጭ እንዳለ አገኙት። ጀሪካኑን አቅፎት ነበር። ውሃው ሙሉ ነበር፣ ጠብ አላለም።

ለቅሶው በጎረቤቷ በእትዬ ሶልያና ግቢ በሹክሹክታ ተለቀሰ። ሰው ነጠላውን ያዘቀዘቀው ግቢው ውስጥ ነው፤ በያፌት ደጅ ሲያልፍ እንደ አዘቦቱ መልሶ ይለብሳል። ልቡ ደካማ ነው፣ ሲሻለው እናረዳዋለን ተባለ። አልተሻለውም። በማግሥቱ ጠዋት ጠያቂው ወደ ታች ወረደና፣ ባዶው ቤት በናታን ድምፅ ተመስገን አለ። ኤልዳና ደጃፏ ላይ ነበረች። ሰማችው። መቃኑን ያዘች። በጠያቂው ፊት ቆማ የለም ልትል ይገባት ነበር። አላለችም። በማግሥቱም አላለችም። ከዚያ ወዲያ በራሷ በር ላይ መልሳ እንዳበቃች ወጥታ ቁልቁለቱ ራስ ላይ እየቆመች፣ ያቺን አንዲት ቃል ሰምታ ትመለሳለች።

እሷ ብቻ አልነበረችም። በታችኛው ሰፈር እንዲህ ያለው ቤት አንድ ሁለት እያለ በዛ። ለአንዱ እናቱ ታማለች፤ ለአንዷ ልጇ ነፍሰ ጡር ናት፤ ለሌላው ወንድሙ ሩቅ ነው፣ መርዶ ደግሞ በስልክ አይነገርም። ሁሉም ነገ ይነገር ተባለ። ነገ ደግሞ ሁልጊዜ ነገ ነው።

የቀረው ሰው ኑሮውን ያዘ። ገበያው በድቅድቅ ጨለማ ቆሞ ፀሐይ ስትወጣ ይበተናል። ቅቤ በጠርሙስ ነው የሚሸጠው፤ ሲረጋ ያየ ልጅ የለም። ጧፍ በዲያቆኑ እጅ ላይ ሳይበራ ይጎብጣል፣ እሱም ዝም ብሎ መልሶ ያቃናዋል። በቀትር ውሾቹ ቤተ መቅደሱ ደጃፍ ገብተው ሲተኙ የሚያባርራቸው የለም። ሰው ከሰው ሲገናኝ «ዛሬ ትንሽ ወበቅ አለች» ይባባላል፤ ከዚያ አያልፍም።

ሚያዝያ ሲገባ ጤና ረዳቷ ኖላዊት መጥታ የያፌትን ደረት አዳመጠች። ኤልዳናን ወደ ደጅ አወጣቻት።

«እማማ፣ ይህን ግንቦት እዚህ ከዋለ እኔ ምንም አላደርግለትም። ደጋ ከወጣ ግን ይከርማል።»

ደጋ መውጣት ደግሞ እንዲሁ አይቻልም። ውርጭ በር የምትባለው የደጋ ከተማ የምትቀበለው መስመሩ ወጥቷል የተባለለትን አገር ሰው ነው። ከየቤቱ መልስ የሚሳለውን መስመር የሚፈቱት በዓመት አንዴ ከላይ የሚመጡ ሰዎች ናቸው፤ ፈቺዎች ይባላሉ። መስመሩ ወጥቷል ካሉ አገሩ በሙሉ ይነሣል። ተኝቷል ካሉ እስከ ከርሞ እዚያው ነው።

በዚያ ዓመት የመጡት ሁለት ነበሩ። አንዱ ዶክተር አቤኔዘር፣ ጎልማሳ፣ ድምፁ ለስላሳ፣ ሰው አክባሪ። ሁለተኛዋ ብሌን የምትባል ወጣት፣ ጫማዋ አቧራ የጠገበ። በእድሩ አዳራሽ ውስጥ መስመሩን ግድግዳው ላይ አበሩት። የሃያ ዓመት መስመር ነው። እንደ ቆዳ አልጋ ጠፍር ተወጥሮ ጋድሟል።

ዶክተር አቤኔዘር ላቡን በመሐረብ ጠረገና መሐረቡን ጨመቀው። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ሚኪያስ ከኋላ ሆኖ «ልጄ፣ የሚንጠባጠበውን በከንቱ አታፍስሰው፣ ለጎመኔ ስጠኝ» አለ። ሰው ሳቀ። አቤኔዘርም ሳቀ።

«ዶክተር» አለች ብሌን፣ «ዛሬ ጠዋት እንዴት አደርክ ስልህ ምን አልከኝ?»

«ተመስገን አልኩሽ።»

«ሌሊቱን ሙሉ ስትገላበጥ ሰምቼሃለሁ። የለየን የቆርቆሮ ግድግዳ ነው።»

«ታዲያ ምን ልበልሽ? ጨዋ አሳድጎኛል።»

«እነሱንስ ማን ያሳደጋቸው መሰለህ?»

አዳራሹ እንደገና ሳቀ። አቤኔዘር ግን መሐረቡን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

«ስሚኝ ብሌን። የነሱን ጨዋነት ከእውነታቸው የሚለይ ወንፊት ካለሽ አምጪው፣ እኔም እጠቀምበታለሁ። ሰው ደህና ነኝ ሲለኝ፣ የለም አይደለህም ብዬ መስመሩን ወደ ላይ ከሳብኩት፣ ያ የኔ መስመር ነው፣ የነሱ አይደለም። ዛሬ እኔ ደህና አይደላችሁም እላቸዋለሁ። ነገ ሌላው ይመጣና፣ ተራብን ሲሉት አልተራባችሁም ይላቸዋል። ያን ጊዜ ምን ትመልሺለታለሽ?»

እውነቱን ነው የሚል ጉርምርምታ ተሰማ። የሚናገረው ነገር ውሃ ይቋጥራል፤ ክፋቱም እሱ ነበር።

«ደግሞ እዩ» አለ አቤኔዘር። «ከሁሉ የከፋው ታችኛው ሰፈር ነው ይባላል። ግን አማርሮ የሚያውቅ ቤት እዚያ የለም። ለምሳሌ ይህን ስሙ። ናታን ያፌት የሚባል ሰው ነው።»

መስመሩን የምታሳየውን፣ መዳፉ ላይ ያለችውን መስታወት ነካ አደረጋት። አዳራሹ ውስጥ፣ ከአራቱም ማዕዘን፣ የናታን ድምፅ «ደህና ነው፣ ተመስገን» አለ።

ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። አቤኔዘር ምን እንዳጠፋ አልገባውም። ፊት ለፊቱ ያሉት ሴቶች ወደ አንዲት ባልቴት ሲያዩ አየና፣ በአክብሮት ጎንበስ አለላት።

«እናቱ እርስዎ ነዎት? ናታን እንዴት ነው እማማ?»

ልቡ የደከመው ያፌት ቅርብ ነው፤ ከአዳራሹ የሚወጣ ቃል ከጆሮው ለመድረስ ጊዜ አይፈጅም። ግን እሱም ብቻ አልነበረም። የለም ካለች፣ ነገ ጠዋት ቁልቁለቱ ራስ ላይ ቆማ የምትሰማው ምንድነው?

«ደህና ነው» አለች ኤልዳና። «ተመስገን።»

የመስመሩ ፍቺ በማግሥቱ፣ ከጠዋቱ ጥየቃ በኋላ እንዲሆን ተቀጠረ። ሰው ሲበተን ብሌን ተከትላ ደረሰችባት።

«እማማ፣ ታችኛው ሰፈር ወርጄ ነበር። የናታንን በር አንኳኩቼ እንዴት ዋላችሁ አልኩ። ተመስገን አለኝ። በሩ ላይ ግን ሸረሪት አድርታበታለች።»

ኤልዳና መንገዷን ቀጠለች።

«እኔ መናገር እችላለሁ» አለች ብሌን ከጎኗ ሆና፣ «ግን ቤተሰብ አይደለሁም፤ ደንቡ አይሰማኝም። የቀረውን በር ሁሉ አንኳኳሁት። ሸረሪቱ ብዙ ነው እማማ።»

«ልጅ አለሽ?»

«የለኝም።»

«እንግዲያው አልፈርድብሽም» አለችና ገባች።

ያፌት ነቅቶ ነበር። ትንፋሹ እንደ ወናፍ ይጮኻል። «ምን ተባለ? ፈቱት?» አላት።

«ነገ ነው።»

«ተኝቷል ነው የሚሉት። ልማዱ ነው አላልኩም?» ትንሽ አረፈና፣ «ግን ኤልዱ… ዘንድሮ ትንሽ ከበደኝ። ልጁ ቢመጣ፣ እሺ እንውጣ እለው ነበር። እልክ ነው የያዘኝ እንጂ። ሂጂና አባትህ እሺ ብሏል በይው።»

ነጠላውን ልትነክር ጎንበስ እንዳለች ቀረች። ሰውዬው ኩርፊያውን ሊፈታ ነው። የሚያስታርቁት ግን ከማን ጋር ነው?

ወጥታ ወደ ሶልያና ቤት ሄደች። ጋሽ ሚኪያስም እዚያ ነበር። የሱም እህት ታችኛው ሰፈር ነበረች፤ እሷም ጠዋት ጠዋት ተመስገን ትላለች።

«ያፌትን ነገ ላረዳው ነው» አለች ኤልዳና። «ጠያቂውንም አብሬ።»

ሶልያና አፏን በእጇ ያዘች። «ማሽን መርዶ ይረዳል እንዴ?»

«በየማለዳው ስለ ልጄ የሚጠይቅ እሱ ብቻ ነው። ያልነገርነው እኛ ነን።»

ጋሽ ሚኪያስ ምርኩዙን አገላበጠ። ቀልደኛው ሰው በዚያ ቀን ቀልድ አልመጣለትም። «እኔ ቀድሜ አልናገርም ኤልዳና፣ አልዋሽሽም። የእህቴ ድምፅ ነው። ከተናገርሽ በኋላ ግን ዝም አልልም።»

«ይበቃኛል» አለች።

ወደ ማታ በአቤኔዘር ማደሪያ በኩል አልፋ፣ ነገ ማልዶ ቤቷ እንዲመጣ ነገረችው። ለምን አላላትም። እሱም በዚሁ ወግ ያደገ ነው፤ ማልዳችሁ ኑ የሚባለው ለምን እንደሆነ ያውቃል።

ጎህ ሊቀድ ሲል ገቡ። እድርተኛው፣ ካህኑ፣ ኖላዊት መድኃኒቷን ይዛ፣ ብሌን፣ በስተኋላም አቤኔዘር። ጓዳይቱ ሞላች፣ የቀረው ደጅ ቆመ። ያፌት በክርኑ ቀና ብሎ አንድ በአንድ አያቸው።

«ምነው በማለዳ? ምን ሆናችሁ?»

ኤልዳና ነጠላዋን አዘቀዘቀች። ጎኑ ተንበረከከችና እጁን ያዘች።

«ያፌት፣ ቁጭ በል።»

ልጆቼ፣ በማለዳ፣ በሰው ፊት፣ ቁጭ በል የተባለ ሰው የቀረውን ራሱ ያውቀዋል። ሚኪያስና ካህኑ ደግፈው አስቀመጡት።

«ማነው?» አለ።

«ናታን ነው።»

«መቼ?»

«አምና። በግንቦት።»

ያፌት አላለቀሰም። ወደ በሩ አየ፣ ወደ ታችኛው ሰፈር አቅጣጫ። ግንባሩ የተቸገረ ሕፃን ግንባር መሰለ።

«ጠዋት ጠዋት የሚመልስልኝስ?»

«ቤቱ ነው ያፌቴ። ባዶ ቤቱ ነው።»

«ቤቱ» አለ። «እየባሰ ነው ብሎኝ ነበር። አባቴም ያማርር ነበር አልኩት።» ከዚያ ደረቱን መታ፣ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፤ ሴቶቹ ዓመት ሙሉ በጉሮሯቸው የያዙትን ለቀቁት። በሰንበሌጥ ሜዳ እንደዚያ ያለ ለቅሶ ከተሰማ ብዙ ዘመን ነበር።

በለቅሶው መሐል ኤልዳና ተነሥታ መቃኑ ፊት ቆመች።

«ናታን የለም» አለች። «ስትጠይቀው የነበረው ልጄ የለም። ሞቷል። ያልነገርንህ እኛ ነን።»

ሚኪያስ ከኋላዋ መጣ። «እህቴ ሶስና የለችም» አለ። ከዚያ ሶልያና መጣች፣ ስለ ወንድሟ። ከዚያ ደጅ የቆመው ሰው ተራ በተራ እየገባ፣ ግማሹ እያለቀሰ፣ ግማሹ ነጠላውን አፉ ላይ እንደያዘ፣ የለም፣ የለችም፣ የሉም አለ። አቤኔዘር በሩ ጥግ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ነበር። ኮፍያውን መቼ እንዳወለቀ እንጃ።

ከላይ ሰፈር ጥየቃው ጀመረ። ለቅሶው ጋብ አለ። ተመስገን እያለ ወረደ፣ ወረደ፣ በራቸው ላይ ደረሰ።

«እንዴት አደራችሁ?»

የኤልዳና ምላስ ሳታዝዘው ተነሣ። «ተመ…» ስትል ያፌት እጇን ጭምቅ አደረገው።

«አላደርንም» አለ።

ጠያቂው ቆየ። እንደዚያ ሲቆይ ማንም ሰምቶት አያውቅም። «ሙቀቱስ እንዴት ነው?» አለ ኋላ፣ በዚያው በለዘበ ድምፁ።

«ልጄን በላው።»

ጠያቂው አለፈ። ታችኛው ሰፈር ወረደ። እንዴት አደራችሁ አለ፣ መልስ የለም። ወደሚቀጥለው ሄደ፣ እንዴት አደራችሁ አለ፣ መልስ የለም። ሰው ሁሉ ደጅ ወጥቶ ያዳምጥ ጀመር። ጥያቄው ብቻውን ከበር ወደ በር እየወረደ፣ እየራቀ፣ ገደሉ አፋፍ ደረሰ። መጨረሻ ላይ አባይን ራሱን የሚጠይቅ ይመስል ነበር።

አቤኔዘር መዳፉ ላይ የያዛትን መስታወት ያያል። ብሌን ቀርባ «ወጣ?» አለችው በለሆሳስ።

«አልወጣም። አልተኛምም» አለ። «መስመር አልነበረም። የሃያ ዓመት ተመስገን ነበር።» መስታወቷን ኪሱ ከተተና ሄዶ ከለቀስተኞቹ ጋር መሬት ላይ ተቀመጠ።

አቤኔዘር የሰማውን ለላይ ጻፈ፤ በዚያው ሳምንት አገሩን ወደ ደጋ የሚያወጡት መኪኖች መጡ።

ውርጭ በር የደረሱት ማታ ነው፤ አገሬው በየሰፈሩ ተበትኖ አደረ። ከተማውን በውል አላዩትም፤ ብቻ አየሩ ሲነካቸው ያፌት አፉን ከፍቶ እንደተጠማ ሰው ጠጣው። በዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ እርጥብ ነጠላ ተኛ። ኤልዳና ሌሊቱን እየነቃች ትንፋሹን አዳመጠች። አይጮኽም። ተመስገን አለች፣ በልቧ፣ ይቺኛዋን ለራሷ።

ጠዋት ጠያቂው እዚህም መጣ። ከመንገዱ ራስ ጀምሮ ወረደ፣ በየቤቱ ተመስገን፣ ደህና ነው ተመስገን። ያፌት ምርኩዝ ይዞ ብድግ አለና በራሱ እግር ደጃፉ ድረስ ሄዶ አዳመጠ። ፊቱ ላይ ፈገግታ ቢጤ መጣ።

«ሰፈሩ ሰው አለው ኤልዱ። ጥሩ ነው። ብቻችንን አይደለንም።»

«እስቲ ጎረቤት ልይ» አለችና ለመንገድ ከያዙት ዳቦ ቆርሳ በመሶብ ወርቅ ክዳን ይዛ ወጣች።

ፀሐይ ገና ጫፏን ነበር ያወጣችው። ኤልዳና የመጀመሪያውን በር አንኳኳች። «እንዴት አደራችሁ?» አለች።

«ተመስገን» አላት የወጣት ሴት ድምፅ፣ ደስ የሚል ድምፅ።

ጠበቀች። የሚመጣ የእግር ኮቴ የለም። መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳረፈች፤ ድንጋዩ በማለዳው ለብ ብሏል። ዝቅ ብላ መቆለፊያውን አየችው። ከመቆለፊያው እስከ መቃኑ፣ ጥሩ አድርጋ፣ ሸረሪቷ አድርታበታለች።

ሁለተኛውን በር አንኳኳች። ተመስገን አላት። ሦስተኛውንም። ከዚያ ወዲያ አላንኳኳችም። መንገዱ መሐል ቆማ ላይና ታቹን አየች። ከየትኛውም ጣሪያ ጭስ አይወጣም።

ስትመለስ ያፌት ደጃፉ ላይ እንደቆመ ነበር፤ ቀለም ወደ ፊቱ ተመልሷል። ክዳኑ ላይ ያለውን ዳቦ አየ፣ እንዳለ ነው።

«እንዴት ናቸው ጎረቤቶቹ?» አላት።

ያቺ የለመደችው ቃል ተነሥታ እስከ ከንፈሯ መጣች። ኤልዳና አፏን ዘጋች። ዳቦውን አስቀመጠች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደችና፣ ቀስ ብላ፣ አዘቀዘቀችው።

«ያፌት» አለች፣ «ቁጭ በል።»